የነፋስ ሒሳብ

ከድልድዩ ሥር ነኝ፣ ከስልሳ ስምንት ጎዳና፤
አንድ ሣጥን፣ አንድ ፖምፓ፣ አንድ ያረጀ ካቴና።
ሰሌዳዬ እንዲህ ይላል፦ «ጎሚስታ ኤልዬሰር።
ነፋስ በነጻ ነው፤ ልጥፍ ግን በድርድር።»

አሥር ሰዓት ከአርባ፣ ገና ሳይነጋጋ፣
ከቦሳ በኩል ነው መብራት የሚጠጋ፤
ሁለት፣ ከዚያ ሰባት፣ ከዚያ ቁጥር የለም፤
እንቅልፉን ሳይጨርስ ይወጣል ይህ ዓለም።
ግንበኛው ጫማውን በፌስታል ጠቅልሎ፣
ዘበኛው ምሳውን ከመሪው አንጠልጥሎ፣
ተማሪዋ ፀጉሯን በነፋስ አድርቃ፣
የአንዱ ልጅ ከጀርባው እንደ መዥገር ተጣብቃ።
ቦጎታ ዶሮ የላትም፤
የሚነጋው በሰንሰለት ድምፅ ነው።

ጥርስ ሐኪም ቤት ወልዋይ፣ ሩቢዬላ፣ ብቻዋን፣
ሃያ ሁለት ኪሎ ሜትር ታጥፋለች በየቀን።
«አውቶቡሱስ?» ብላት፣ «ቆሜ ከምሰለፍ
ተቀምጬ ልድከም!» ብላኝ እብስ፣ እልፍ።
ፍሬኗ ይጮኻል እንደ ተረገጠች ድመት፤
«ላብጀው?» እላታለሁ።
«ተው! ደወሌን ሰረቁት፤
የቀረኝ እሱ ነው፣ በመንገድ ላይ ጩኸት።»

ስምንት ሰዓት ሲሆን ዝናቡ ይወርዳል፤
እዚህ ከተማ ውስጥ ዝናብ ብቻ ቀጠሮ ያከብራል።
ከድልድዩ ሥር ይታጨቃሉ፣
ካልሲ ይጨምቃሉ፣ መንግሥት ያማሉ፤
እኔም ጎማ ሳላገኝ ወሬ እለጥፋለሁ።

እሑድ ሌላ ሕዝብ ነው። ጠባብ ልብስ የለበሰ፣
እንደ ፌንጣ የቀጠነ፣ በቅባት የራሰ፣
ወደ ፓቲዮስ ዳገት የገሰገሰ።
ብስክሌቱን በአንድ ጣት ብድግ ያደርጋታል፤
ዋጋዋን ሲነግረኝ ማስቲሹ ከእጄ ይወድቃል።
ምስማር ግን ዘር አይለይም፣ ምስማር አያዳላ፤
የሀብታምም ጎማ ይተነፍሳል ኋላ።
አንድ እሑድ ሩቢዬላ፣ ቅርጫቷ ሙሉ ድንች፣
የድልድዩን አቀበት በዚያች ከባድ ወጣች፤
አንዱን ፌንጣ ቀደመችው፣ ሲያለከልክ፣ ላብ ሲያንቆረቁር።
ሐኪሟ ነበር።
እሱ አላወቃትም። እሷ ግን ሳል አወቀች፤
ዓመቱን ሙሉ በር ላይ ሰምታዋለች።

መስቀለኛው ጋ፣ ከምሰሶው የታሰረች፣
ከኮርቻ እስከ ራጂ ነጭ የተቀባች፣
አንዲት ብስክሌት አለች።
የዊልማር ናት። ዳቦ አመላላሽ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ፣
ፉጨት የማይተወው፣ ሰኞም ቢሆን ጠዋቱ።
ያን ቀን የኋላ ጎማውን ለጠፍኩለት፤
ኪሱን ዳሰሰና «ማታ ስመለስ» አለኝ።
«ይሁን» አልኩት።
ማታ አልተመለሰም።
የጭነት መኪናው ሲታጠፍ ቀኙን አላየም።
ሄጄ አየሁ። ዓይኔም እጄም አፈረ፤
ሁሉ ነገር ተጣሞ፣
የለጠፍኩት ጎማ እንደተነፋ ነበረ።

የዘጠኝ ቀን ጸሎቱ ባለቀ ማግሥት እናቱ መጣች፤
«ጠዋት ደውሎልኝ ነበር፤ ዕዳ አለበት» ብላ ቦርሳ ከፈተች።
«የለበትም» አልኩ። «አለበት» አለች። ተከራከርን፣
እንደ ገበያ ሰው፣ ድምፅ ከፍ አድርገን።
ሳንቲሞቹን ሣጥኔ ላይ ትታቸው ሄደች።

ምን ይገዛባቸዋል?
ሁለት ቀን አልነካኋቸውም።
በሦስተኛው ፖምፓዬን አንሥቼ ተሻገርኩ፤
የነጯን ብስክሌት ጎማ፣ ፊትም ኋላም፣ ነፋሁ።
አሁን በየወሩ እሄዳለሁ።
«ሽማግሌው፣ ማን ሊነዳት ነው?» ይሉኛል፣ ይስቃሉ።
እንጃ። ነፋስ በነጻ ነው፤
ይሄኛው ግን የተከፈለበት ነው።

መንገደኞቹ በዚያ ሲያልፉ ደወል ይነካሉ፤
አንድ ጊዜ፣ ቀስ አድርገው፣ ሳይቆሙ ያልፋሉ።
ሩቢዬላ ደወል የላትም።
ፍሬኗን ጨበጥ ታደርጋለች፤
አሥር ሰዓት ከአርባ ላይ፣ በጨለማ፣
ያቺ የተረገጠች ድመት ትጮኻለች።